ካሜራውን ተዉት፣ መብራቱን ግዙ

ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ የአያቴን የደም ግፊት ልለካ እጅጌያቸውን ስሰበስብ ክንዳቸው በልዞ አየሁ። «ይሄ ምንድን ነው እማማ?» ስላቸው እጅጌውን መልሰው ጎተቱና «በሩ ነው» አሉኝ። በር እንዲህ አያበልዝም። ነርሲንግ መማር ከጀመርኩ ወዲህ በቤተሰባችን ውስጥ ነገር የማልተው ሰው ሆኛለሁና ጥያቄዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። እውነቱ የወጣው በረካው ላይ ነው። ከአራት ቀን በፊት ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ በጨለማው ኮሪደር ምንጣፍ ጠልፏቸው ወድቀዋል። ግድግዳ ይዘው ተነሱ፣ ተመልሰው ተኙ፣ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። «ብነግራችሁ ምን ልታደርጉ? ከቤቴ ልታወጡኝ?»

ይህ የአያቴ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ እዚህ አገር 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከአራቱ ከአንድ የሚበልጡት በየዓመቱ ይወድቃሉ፤ ከወደቁት መካከል ለሐኪማቸው የሚናገሩት ደግሞ ግማሽ አይሞሉም። ክፍል ውስጥ ስማረው ለፈተና የሚያዝ ቁጥር ነበር። አሁን ግን ነጠላ ለብሶ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ የኪራይ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል።

እሑድ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። እናቴ «እኛ ጋ ይግቡ» አለች፤ እኛ ግን በሁለት መኝታ ቤት አራት ሰው ነን። አጎቴ ካሜራ ይገጠም አለ። ወንድሜ ስብሰባው ሳያልቅ ሦስት ካሜራ መርጦ ስልኩ ላይ አሳየን፤ ሦስቱ ተደምረው 100 ዶላር አይሞሉም። አያቴ ቡናቸውን እየቆሉ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ «ቤቴ ውስጥ ዘበኛ ከምታቆሙብኝ ብወድቅ ይሻለኛል» አሉ። እኔ አንድ ወር ጊዜና 250 ዶላር ስጡኝ አልኩ።

ይህ ጽሑፍ የዚያ አንድ ወር ሪፖርት ነው። ወሩ ሦስት ወር ሆኗል።

የገዛሁት ሆም አሲስታንት ግሪን የሚባለውን መቆጣጠሪያ ነው። መጠኑ መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት፤ በ2023 ስትወጣ ዋጋዋ 99 ዶላር ነበር፣ እኔም ያገኘኋት በዚያው ዋጋ ነው። ሥራዋ በተለያየ ኩባንያ የተሠሩ መብራቶችን፣ ሶኬቶችንና ሴንሰሮችን አንድ ላይ ማነጋገር ነው፦ «ኮሪደሩ ላይ ሰው ከተንቀሳቀሰና ሌሊት ከሆነ መብራት አብሪ» ትሏታላችሁ፣ ታበራለች። ፕሮግራሙን በ2013 የጀመረው ፓውለስ ስኻውትሰን የሚባል ሰው ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ በ2024 ደግሞ ኦፕን ሆም ፋውንዴሽን ወደተባለ፣ ለትርፍ ወደማይሠራ የስዊዘርላንድ ድርጅት ተላልፏል። ዋይፋይ የላትም፤ ከራውተር ጋር በገመድ ትያያዛለች። ዚግቢ በሚባለው የሬዲዮ ቋንቋ ከሴንሰሮች ጋር እንድታወራ ደግሞ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ለብቻው ይገዛል። ማሸጊያው ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ እንዳይመስላችሁ።

ከእሷ ያነሰ ዋጋ ያላቸው፣ ለመትከልም የሚቀሉ ሞልተዋል። እሷን የመረጥኩት አንጎሏ ቤት ውስጥ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ሥርዓቶች ትእዛዛችሁን በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር ልከው መልሱን ጠብቀው ነው መብራት የሚያበሩት። ኩባንያው ነገ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ሬቮልቭ የሚባለው መቆጣጠሪያ ወደ 300 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ኔስት ኩባንያውን በ2014 ገዛውና በ2016 አገልግሎቱን ዘጋው፤ ሰዎች እጅ ላይ ሳጥኑ ብቻ ቀረ። የኢንስቲዮን ሰርቨሮች በሚያዝያ 2022 ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፍተው ደንበኞቹ ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ተባብረው ነው ኩባንያውን የገዙት። እኔ ለአያቴ የምተክለው ነገር አንድ የሥራ አስኪያጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚያደርገው ስብሰባ እንዲጨልም አልፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተናዬ ቀላል ነበር፤ የኢንተርኔቱን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩትና ኮሪደሩ ላይ ተራመድኩ። መብራቱ በራ። ወደ ስልክ የሚላከው መልእክት ግን ያለ ኢንተርኔት አይሄድም፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። ኤሌክትሪክ ራሱ ሲጠፋ ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋል፤ ለዚያ ደግሞ አልጋቸው አጠገብ የሁለት ዶላር የእጅ ባትሪ አለ።

አሁን ስሕተቴን ልናገር። መጀመሪያ በ40 ዶላር አራት ስማርት አምፖሎች ገዝቼ ጣሪያ ላይ አሰርኩ። ሁለት ቀን ሠሩ። አያቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከክፍል ሲወጡ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ «ቆጣሪው ዝም ብሎ ይቆጥራል እንዴ!» ይላሉ። ማብሪያው ከግድግዳው ከጠፋ ስማርት አምፖል ተራ ብርጭቆ ነው። ኤሌክትሪክ ስለማያገኝ ትእዛዝም አይሰማም። ማብሪያው ላይ «አይነካም» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። በማግሥቱ ወረቀቱ ተነስቶ የግሮሰሪ ዝርዝር ተጽፎበት አገኘሁት። እኔ አኩርፌ እንደነበር አልደብቅም። በኋላ ሳስበው ግን ትክክለኛዋ እሳቸው ነበሩ። የ78 ዓመት ሰው ልማዱን ለ10 ዶላር አምፖል ብሎ መለወጥ የለበትም። አምፖሎቹን አውርጄ በ24 ዶላር ሁለት ስማርት ሶኬት ገዛሁ፣ ቤት ውስጥ የነበሩ ሁለት ትናንሽ የጠረጴዛ መብራቶችን ሰካሁባቸው፤ አንዱ ኮሪደር፣ አንዱ መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ። የግድግዳው ማብሪያ እንደ ድሮው የእሳቸው ነው።

ሒሳቡ ታክስ ሳይጨመር እንዲህ ነው፦ መቆጣጠሪያው 99፣ የዩኤስቢው ዕቃ 30፣ ሦስት የእንቅስቃሴ ሴንሰር 30፣ አንድ የበር ሴንሰር 10፣ የከሰሩት አምፖሎች 40፣ ሶኬቶቹ 24። በድምሩ 233 ዶላር። ወርሃዊ ክፍያ አማራጭ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ አልከፈልኩም።

ይህን ቁጥር ለቤተሰቡ ሳነብ ሁሉም ደስ አላቸው። ያላነበብኩት ሌላ ቁጥር ግን አለ። በመጀመሪያው ወር የሠራሁበትን ሰዓት ማስታወሻዬ ላይ ስጽፍ ነበር፤ 18 ሰዓት ሆነ። ከዚያ ውስጥ 11 ሰዓቱ የፋርማኮሎጂ ፈተና ሳምንት ላይ የዋለ ነው፤ የዩኤስቢውን ዕቃ ከራውተሩ ጀርባ ወሽቄው ኖሮ የዋይፋዩ ሬዲዮ የሴንሰሮቹን ድምፅ ይውጠው ነበር፤ ሁለቱ የሚናገሩት በአንድ የሞገድ ክልል ላይ መሆኑን እስካውቅ ድረስ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። መፍትሔው አንድ ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ሆኖ ተገኘ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ በሰዓት 15 ዶላር ይከፈለኛል። አባዙት፤ 270 ዶላር ነው፤ ከዕቃው ሁሉ ይበልጣል። «ርካሽ ነው» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይህን መስመር አይጽፉትም። በእኛ ቤት ደግሞ መስመሩን የሚሞላው ማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የእናቱን የባንክ ደብዳቤ የሚተረጉመው፣ የአባቱን ስልክ የሚያስተካክለው ያው ልጅ ነው። ይህን ሥራ ለመሸከም ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው፣ ወይም በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ግዛት ሄዶ የሚማር ሰው፣ ተራውን በራሱ የሚበራ የ10 ዶላር የሌሊት መብራት ገዝቶ ሶኬት ላይ ይሰካ። የምሬን ነው። ከውድቀት የሚያድነው ነገር ትልቁ ክፍል እሱና ምንጣፉን ማንሳት ነው።

ታዲያ የእኔ ሳጥን ምን ጨመረች? ሁለት ነገር። አንደኛው ድምፅ ነው። አሌክሳ አማርኛ አትሰማም፤ አያቴም ለዕቃ ብለው እንግሊዝኛ አይናገሩም። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው አማርኛ የሚያነቡ የኮምፒውተር ድምፆች ስላሉ መጀመሪያ መቅደስን ሞከርኳት። አያቴ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ስለዚህ የራሴን ድምፅ ቀዳሁ፤ የውጭ በር ሲከፈትና ማታ ከመኝታ በፊት አንድ አሮጌ ታብሌት «እማማ፣ ምድጃውን አዩት?» ይላል። ማታውን «ሦስት ሰዓት ላይ» ብለውኝ ነበር፤ እኔ የውጭ አገር ልጅ እንቅልፍ ባጠቃው ዓይኔ 3 ብዬ ጻፍኩ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀሰቀስኳቸው። በማግሥቱ ስለ ምድጃው ሳይሆን ስለ አማርኛዬ ነው የተወቀስኩት። አሁን ድምፄ ሲመጣ «አየሁት ልጄ» እያሉ ይመልሱለታል፤ እንደማይሰማቸው እያወቁ።

(ስለ ምድጃ ካነሳን፦ ቡና ሲቆላ የጭስ ማንቂያውን በፌስታል የምትሸፍኑ እናቶችና አያቶች ያሏችሁ፣ እባካችሁ ፌስታሉን አንሱት። ምንም ዓይነት ስማርት ዕቃ የእሱን ቦታ አይተካም። እኛ የተስማማነው መስኮት ተከፍቶ፣ ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ በርቶ ነው።)

ሁለተኛው ነገር የጠዋት መልእክት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቤቱ ውስጥ ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ ሳጥኗ በቴሌግራም መልእክት ትልካለች። ለማን? አጎቴ ለእኔ ነው አለ፣ እናቴም ለእኔ ነው አለች። አያቴ ግን ለሁለታችሁም አይደለም አሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖሩት ለቡና አጣጫቸው እንዲሄድ ወሰኑ። «እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፤ እሷ ደረጃ ወጥታ በር ትመታለች።» ነርስ ሆኜ ብጠየቅ ከዚህ የተሻለ ዕቅድ አላወጣም ነበር።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አያቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። 3 ሰዓት ሲሆን ሳጥኗ መልእክቷን ላከች፤ ጎረቤትየዋ ስልካቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው «እማማ ዛሬ አልተነሱም» የሚለውን ያነበቡት ከአያቴ ጎን ቆመው ነው። ሁለቱም እስካሁን ይስቁብኛል። ስሕተቱ የሳጥኗ አልነበረም፤ በሩ ተከፍቶ ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴ ካልታየ ሰው ወጥቷል ማለት እንደሆነ ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ነገሩን በዚያው ቀን አስተካከልኩት፤ ምክንያቱም ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ ስወጣ በከንቱ የሚጮህ ማንቂያ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። አሥር ጊዜ በከንቱ የጮኸን መሣሪያ በአሥራ አንደኛው ማንም አይሮጥለትም። ደግሞም መልእክቱ የሕክምና ጥሪ አይደለም። አያቴ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ቢወድቁ ሳጥኗ እስከ ማግሥቱ ላታውቅ ትችላለች። አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ አትተካም፤ ስለ እሱ ገና እየተከራከርን ነው።

ካሜራውስ? የአጎቴ ክርክር ባዶ አይደለም። «ካሜራ ቢኖር ሲወድቁ እናይ ነበር» ይላል። እኔ የምጠይቀው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን ነው የሚያየው? እሱ ታክሲ ላይ ነው፣ እናቴ የሌሊት ፈረቃ ላይ ናት፣ እኔ ተኝቻለሁ። ካሜራው የሚሰጠን ከወደቁ በኋላ የወደቁበትን ቪዲዮ ነው። ሌላ ሰው ግን ሊያይ ይችላል። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የካሜራ ኩባንያ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ መንገድ ትቷል ብሎ ከሶት፣ ጉዳዩ በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ተዘግቷል። አያቴ ፀጉራቸውን ያለ ሻሽ ለልጃቸው እንኳ የማያሳዩ ሴት ናቸው።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ካሜራ መጥፎ፣ ሴንሰር ጥሩ። ግን ያልኩት ሁሉ ሙሉ እውነት አልነበረም። «ይሄ አያይም እማማ፣ ሰው መንቀሳቀሱን ብቻ ነው የሚያውቀው» ብዬ ነበር ያስፈቀድኳቸው። ሥርዓቱ ደግሞ ሳይነኩት የአሥር ቀን ታሪክ ይይዛል። አንድ ማታ ባትሪ ላይ እንዳለ ለማረጋገጥ ብዬ የመታጠቢያ ቤቱን ሴንሰር ከፈትኩ፤ መስመሩ ተዘረጋልኝ። በእያንዳንዱ ሌሊት አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ዓይኔ ወዲያው ነርስ ሆነ፤ የስኳር በሽታ አለባቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ሌሊት አምስት ጊዜ መነሳት ደግሞ አምስት የመውደቂያ ዕድል ነው። ስልኬን ዘጋሁት። እሳቸው ያልነገሩኝን፣ ሐኪም ብሆን እንኳ ጠይቄ የማውቀውን ነገር፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ አውቄዋለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ታካሚ ፈቃድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬያለሁ።

ሁለት ቀን ሳልናገር ቆየሁ። በሦስተኛው ሄጄ ነገርኳቸው፤ ቁጥሩን ሳይሆን ማየቴን አስቀድሜ። ረጅም ዝምታ ሆነ። «አያይም አላልሽኝም ነበር?» አሉ። ብዬ ነበር አልኩ። ቡናውን ቀድተው ሲጨርሱ «ታዲያ ምን ይላል?» አሉኝ። በሳምንቱ አብሬያቸው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ የሌሊቱን ነገር የነገሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሐኪሟ ምርመራ አዘዘች፤ ከመኝታ በፊት ይወስዱት የነበረውን ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ጠዋት እንዲወስዱት አደረገች። አሁን ሌሊት የሚነሱት አንድ ወይ ሁለት ጊዜ ነው።

አጎቴ ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ መከታተል ይጠቅማል» አለኝ። ጠቅሟል። ያለ ፈቃድ ያገኘሁት መሆኑን ግን መጥቀሙ አያጠፋውም። ስለዚህ ይህን መቆጣጠሪያ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ጥራቱ ከምትጠይቁኝ በፊት ታሪኩ ማን ስልክ ላይ እንደሚታይ ጠይቁኝ። 99 ዶላር የከፈለው ሰው የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ይይዛል፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አፑን እንኳ አያውቀውም። ሳጥኗ የቤቱን ወሬ ወደ ኩባንያ ሰርቨር ስለማትልክ ተመችቶኝ ነበር። ከእኔ ትጠብቃቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም ነበር።

አሁን ያሉትን ሕጎች ያወጡት አያቴ ናቸው። መኝታ ቤት ውስጥ ምንም አይገባም። የመታጠቢያ ቤቱ ሴንሰር መብራት ያበራል እንጂ ታሪኩ አይቀመጥም፤ እንዲመዘገብ የጠፋው እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ነው። ሐኪሟ ከጠየቀች ለአንድ ሳምንት ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። የአጎቴ መግቢያ ተሰርዟል፤ ተቀይሞኛል። እንግዳ ሲመጣ ወይም ሲደክማቸው ሳጥኗን ነቅለው ማስቀመጥ ይችላሉ፣ ማንም ለምን አይላቸውም። ገና ባልተከፈተው የታሪክ ገጽ ላይ ዓይኔ እንዳይሄድ ዋስትና የሚሆን ቴክኖሎጂ ግን አልገዛሁም፤ እኔን ማመን ነው ያላቸው።

የፊታችን መስከረም ለተግባር ልምምድ ሦስት ወር ከከተማ እወጣለሁ። ለጎረቤትየዋና ለወንድሜ የሚሆን መመሪያ በአማርኛ ጽፌ ከሳጥኗ አጠገብ ለጥፌያለሁ፤ ካልሠራ ንቀሉት፣ አሥር ቁጠሩ፣ መልሳችሁ ሰኩት ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ከሥሩ በአያቴ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ «ከመንቀላችሁ በፊት ባለቤቲቱን ጠይቁ።»